ሠርግ ላይ የተዘረጋው አልጋ ልብስ

ነገሩ ከደረሰ ሁለት ረመዳን አልፏል። እኔ ግን ዛሬም ከሚሴ ገበያ መሐል ሳልፍ ትናንት የሆነ ያህል ፊቴ ይግላል። የነገርኩት ሰው ሁሉ «ተዪው፣ ያለፈ አለፈ» ይለኛል። ለሰሚው ያልፍ ይሆናል፤ ለተሰደበው ግን አያልፍም። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሐዋ እባላለሁ። ባሌ ከማል ባጃጅ ይነዳል፤ እኔ ደግሞ ሰው የሚጥለውን ጨርቅ እየሰበሰብኩ እሰፋለሁ። ልብስ ሰፊ ቆርጦ የጣለው ብጣሽ፣ ያረጀ የሴት ድሪያ ቀሚስ፣ ጉልበቱ የተበሳ ሱሪ፣ የተቀደደ መጋረጃ፣ ሁሉም ለእኔ እንጀራ ነው። ከእነዚህ አልጋ ልብስ ይወጣል፣ የትራስ ልብስ ይወጣል፣ የገበያ ከረጢትና የልጅ ማዘያ ይወጣል። ለምንም የማይሆነው ደቅቆ ትራስ ውስጥ ይጠቀጠቃል። እኔ ቤት የሚጣል ጨርቅ የለም። ከማል «አንድ ቀን እኔንም ቀዳደሽ ከመጋረጃ ጋር ትቀጥዪኛለሽ» እያለ ያሾፍብኛል።

ብጣሹን የማገኘው ከአንድ ልብስ ሰፊ ነበር። እውነተኛ ስሙን መጥራት ስላልፈለግሁ ጋሼ ሙሄ ልበለው። ጺሙን ሒና የሚቀባ፣ ሰላምታው የማያልቅ፣ ሲያዩት የሚከበር ሽማግሌ ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ ዛሬም አንቱ እለዋለሁ፤ ያሳደጉኝ ሰዎች ትልቅ ሰው አንተ አይባልም ብለው አስተምረውኛል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱ ብዬ ልጻፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ስምምነታችን ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱቁን እጠርግለታለሁ፣ ቁልፍ እተክልለታለሁ፣ የቀሚስ ጠርዝ በእጄ እዘመዝምለታለሁ። እሱ ደግሞ ወለል ላይ የወደቀውን ብጣሽ ይተውልኛል። ብጣሽ ስል ጣት የሚያህል፣ ቢበዛ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ማለቴ ነው። እሱን እያገጣጠምኩ ነው ቤቴን የምደጉመው።

ሙያው ላይ አልዋሽም፤ እጁ ወርቅ ነው። ኪስ ሲሰፋ አፉ እንዳይተረተር ብሎ ከጫፉ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሰፋል፣ ያውም ከጨርቁ በተለየ ቀለም ክር። ከሚሴ ውስጥ ሌላ ልብስ ሰፊ እንዲህ አያደርግም። ሴቱ ሁሉ ሦስት ማዕዘኗን አይቶ «ይሄ የሙሄ ስፌት ነው» ይላል። እሱም ይህን ሲሰማ ጺሙን ይዳብሳል።

እኛ ዘንድ ጨርቁን ገዝታ የምታመጣው ደንበኛዋ ናት። ስንት ሜትር እንደሚበቃት የሚነግራት ግን ልብስ ሰፊው ነው። ተሰፍቶ የተረፈ ካለ መመለስ አለበት። እሱ ሱቅ ውስጥ ግን የማንም ጨርቅ ተርፎ አያውቅም። እንዲያውም ለብዙዎቹ ይጎድላቸው ነበር። «ጨርቁ ተኮማተረ»፣ «ወርዱ ጠባብ ነው»፣ «ወፍረሻል፣ ማሻአላህ» ይላቸዋል። ወፍረሻል የተባለች ሴት ደግሞ ስለ ጨርቋ መጠየቁን ትረሳዋለች።

ያ ቀን የረመዳን መጨረሻ አካባቢ ነበር። ለኢድ የሚሰፋው ልብስ ተከምሮ፣ ሱቁ በር ላይ ደንበኛ ተሰልፎ፣ ያውም የገበያ ቀን። እትዬ ሰዓዳ የምትባል የእህል ነጋዴ ሚስት ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። የሮማን ቀለም ያለው ከፋይ ነው፤ ገና ሲመጣ እኔም በእጄ ዳስሼ ያደነቅሁት ጨርቅ ነው። ለካችው። እጅጌው አጠረ።

«ጋሼ ሙሄ፣ እርስዎ ያሉኝን ያህል አይደለም ወይ ያመጣሁት? እንዲያውም ጨምሬ ነው የገዛሁት። እንዴት ነው እጅጌው የሚያጥር?» አለችው። ድምጿ ከፍ ብሎ ስለነበር የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ዞሩ።

እሱ መቀሱን አስቀመጠና በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክል ነበር።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ብጣሽ ለቃሚዋን ጠይቂያት እንጂ። እኔ ለሶላት ዘወር ስል ምን እንደምትቆርጥ አላህ ነው የሚያውቀው» አለ።

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ወዲያው «ከረጢቷን ፈትሿት!» ብሎ ጮኸ። ጫት ሻጮቹ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ከጨፋ ሮቢት በግ ይዘው የመጡት ሳይቀሩ ከበቡኝ። አንዷ ከረጢቴን ከትከሻዬ ላይ ነጥቃ መሬት ላይ ዘረገፈችው። የእነዚያን ሁሉ ሴቶች ብጣሽ አቧራ ላይ ሲበተን አየሁት። ከመሐሉ ጣት የምታህል የሮማን ቀለም ያላት ከፋይ ብቅ አለች።

«ይኸው!» አለ።

«ጋሼ ሙሄ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም ወይ ወለሉ ላይ ያለውን ውሰጂ ያሉኝ? ወላሂ እኔ...»

«አትማዪ! በጾም አፍሽ አትማዪ!» አለና አፌን አስያዘኝ። ሰው ሁሉ በሱ ጾም ሲያዝን በእኔ ጾም ያዘነ አልነበረም። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ብጣሼን ከአቧራው ላይ እየለቀምኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አንዱም ጎንበስ ብሎ አላገዘኝም።

ሌባ የሚለው ስም ከሚሴ ውስጥ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ልብስ ልዘመዝም በምጠራባቸው ቤቶች ስገባ ሳጥን ሲቆለፍ መስማት ጀመርኩ። አንዷ ጎረቤቴ ወንፊት ልዋስ ብሄድ እስክወጣ ድረስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከረጢት ሠርተሽ አምጪልኝ ያሉኝ ሴቶች «አሁን ይቅርብኝ» እያሉ ላኩብኝ። እኔ ድሃ ነኝ፤ ከስሜ በቀር ያለኝ ነገር አልነበረም። እሱን ነው በአደባባይ የወሰደብኝ።

ከማል «ለአላህ ስጪው» አለኝ።

«ሰጥቻለሁ። እኔም ግን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ በየሶላቴ እረግመው ነበር። «ያ ረቢ፣ በገዛ እጁ ሥራ አዋርደው» እል ነበር። ለልጆቼ ዱዓ ማድረግ ረስቼ እሱን ሳልረሳ የተነሳሁበት ጊዜ አለ።

ከሱ ሱቅ ስባረር ብጣሹም ቀረብኝ። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ስሜን ሰምተው ደጃቸውን ከለከሉኝ። ሥራዬ ቆመ። ኢድ ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ሄጄ ያረጀ ሰልባጅ ልብስ ልፈልግ አልኩ። የተቀደደውን ለቅሜ እንደገና ልጀምር ብዬ ነው። ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ወደ ባቲ ወረድኩ።

የባቲን ሰኞ ያየ ያውቀዋል። ከአፋር በረሃ ግመልና ፍየል ይዞ የሚወጣው፣ ከደጋ እህል ይዞ የሚወርደው እዚያ ነው የሚገናኘው። ሙቀቱ ሻሼን አርሶ፣ ሰልባጅ የሚከመርበትን ቦታ እየጠየቅሁ ስሄድ ሸራ የተወጠረበት ጥላ ሥር ገመድ ላይ የተሰቀሉ የልጆች ቀሚሶች አየሁ። አልፌ ሄጄ ነበር። ዓይኔ ግን ወደ ኋላ ጎተተኝ።

ቢጫ አበባ ያለው ጨርቅ ነው። ይህን ጨርቅ አውቀዋለሁ፤ የጎረቤቴ የፋጤ ነው። ከወለሉ ላይ የለቀምኩት ጠርዙ እስከ ዛሬ ቤቴ ጆንያ ውስጥ አለ። ከሱ ቀጥሎ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቡናማ ተሰቅሏል፤ እሱ የሰፈራችን የእማ መዲና መሆኑን ማንም አይነግረኝም። ቀጥሎ አረንጓዴ ሺፎን፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። የከሚሴ ሴቶች ቀሚስ ሁሉ ተሰብስቦ የልጅ ልብስ ሆኗል። ጠጋ ብዬ የአንዱን ኪስ ገለበጥኩ። ጫፉ ላይ በቀይ ክር የተሰፋች ትንሽ ሦስት ማዕዘን!

ሰውየው የሰረቀውን ጨርቅ እንኳን ሲሰፋ ኩራቱን መተው አቃተው። ሌባ ፈለጉን ያጠፋል ይባላል፤ የእኛ ሌባ ፈለጉን በክር አስውቦ ሰፍቶታል።

«ይሄ ከየት ነው የሚመጣልሽ?» አልኳት ሻጯን።

«ከከሚሴ። አንድ ባለሙያ ሽማግሌ አለ፣ በየጊዜው ይልክልኛል። ሐቀኛ ሰው ነው ወላሂ፤ አንድም ቀን ስፌቱ ተተርትሮብኝ አያውቅም» አለችኝ።

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁትን ነገር የሻሼን ጫፍ ነክሼ ዋጥኩት።

ለሰልባጅ የያዝኩትን ሁሉ አውጥቼ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመርኩ። እኔ ግን ከሁሉም የምፈልገው ሮማኑን ከፋይ ነበር። ሌባ ያሰኘኝ እሱ ነው። ዞር ስል አየሁት። አንዲት የአፋር ሴት ይዛው ልጇ ትከሻ ላይ እየለካች ነው። ልጅቷ ከፋዩን በጉንጯ ትዳብሳለች።

ዘልዬ ቀሚሱን ያዝኩት። ሴትዮዋ ተቆጥታ ወደ ራሷ ጎተተችው። እኔም አልለቀቅሁም። ልብ በሉ፣ በሕይወቴ ከሰው ጋር ልብስ ተጎታትቼ አላውቅም። ሻጯ አፋርኛውን እየተረጎመች «እብድ ናት ወይ?» ትልሻለች አለችኝ።

«እብድ አይደለሁም። ይህ ቀሚስ ሌባ አሰኝቶኛል። ይዤው ካልሄድኩ ሌባ ሆኜ እቀራለሁ በያት» አልኳት።

ተነገራት። ሴትዮዋ ፊቴን አየችው፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለውን ከረጢት አየችው። በየቀለሙ ብጣሽ እየገጣጠምኩ ለራሴ የሰፋሁት፣ አቧራ ላይ የተዘረገፈው ያው ከረጢት ነው። በጣቷ ነካችውና አንድ ነገር ተናገረች። ሻጯ «እሱን ስጪኝና ውሰጂው ትልሻለች» አለች። ዕቃዬን በነጠላዬ ቋጥሬ ከረጢቱን በደስታ ሰጠኋት። ለልጅቷም ከሰማያዊው መርጬ ቀሚስ አስያዝኳት። እናትየዋ ከረጢቱን ትከሻዋ ላይ አንግታ ስትሄድ አንዴ ዞር ብላ እጇን አነሳችልኝ። ስሟን እንኳን አላውቅም፤ ለሷ ግን ዛሬም ዱዓ አደርጋለሁ።

ቤት ስደርስ ከማል ቀሚሶቹን አይቶ ሦስት ማዕዘኖቹን ሲያይ ራሱን ያዘ። «ነገ ሽማግሌ እንሰብስብ» አለ።

«አይሆንም» አልኩት። ሽማግሌ ከተሰበሰበ ነገሩ በዝግ ቤት በምርቃት ያልቃል። ሁለት ሰው «ይቅር ተባባሉ» ይለናል፣ ጫት ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከተማው ግን ሌባ ማለቱን አይተውም። እኔ የተሰደብኩት በአደባባይ ነው። መልሱም በአደባባይ እንዲሆን ፈለግሁ።

ስለዚህ ዝም አልኩ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቴን ደፍቼ ሰላም እለው ነበር። እሱም አንገት መድፋቴን የጥፋት ምልክት አድርጎ ለሰው ይነግር ነበር። እኔ ግን ማታ ልብስ አጥቤ፣ ልጆቼን አብልቼ ስጨርስ እሰፋለሁ። ቀሚሶቹን ተረተርኩ። ኪሶቹን ግን ከነሦስት ማዕዘናቸው እንዳሉ ተውኳቸው። ትንንሾቹን እጅጌዎችም አንዳንዱን አልነካሁም፣ የልጅ ልብስ እንደነበሩ እንዲታይ። ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ድሮ ከወለሉ ላይ የለቀምኩትን የዚያኑ ጨርቅ ብጣሽ ቀጠልኩበት። መሐሉ ላይ ሮማኑን ከፋይ አስቀመጥኩት፣ ኪሱ በቢጫ ሦስት ማዕዘን እንደተሰፋ። ትልቅ አልጋ ልብስ ወጣው። ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም። ንዴት እንዲህ እጅን እንደሚያስውብ አላውቅም ነበር።

መኸር ገብቶ የሠርግ ጊዜ ሲደርስ የፋጤ ልጅ ተዳረች። ፋጤ ሳጥኗን አንድ ቀንም ያልቆለፈችብኝ ጎረቤቴ ናት። ለልጇ ስጦታ አልጋ ልብስ ሠርቻለሁ ስላት አቅፋ ሳመችኝ። ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

በእኛ አገር ሴቶች ለሙሽራ ያመጡት ስጦታ በዝምታ ጥግ ላይ አይቀመጥም። አንዲት ድምፀ ትልቅ ሴት እያነሳች የማን እንደሆነ ትናገራለች፣ ዳሱ እልል ይላል። የሰፈራችን ተናጋሪ እማ መዲና ናት። አማርኛና ኦሮምኛውን እያቀላቀለች፣ ያመጣውን እያሞገሰች፣ ያላመጣውን በቀልድ እየወጋች ዳሱን ታስቀዋለች። የዚያን ቀን እትዬ ሰዓዳም ነበረች። የልብስ ሰፊው ሚስትም በወርቅ አሸብርቃ ከፊት ተቀምጣ ነበር።

«ይሄ የሐዋ ነው!» አለች እማ መዲና የእኔን ስታነሳ። እልልታው ቀዝቃዛ ነበር። ከኋላዬ አንዷ «የተለቀመ ነው የተሰረቀ?» ብላ ስታሽሟጥጥ ሰማሁ፤ ሌሎቹ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አልዞርኩም።

እማ መዲና ሁለት ሴቶች ጠርታ ግራና ቀኝ አስይዛ ዘረጋችው። «ማሻአላህ! ኮታ ኢላላ! ኑ እዩ እንጂ!» አለች። ከዚያ ድንገት ዝም አለች። የሷን ዝምታ ሰው ለምዶት ስለማያውቅ ዳሱ በሙሉ ዝም አለ። ቡናማው ላይ አጎንብሳ ነጩን ነጠብጣብ በጣቷ ትዳብሳለች።

«ኩን ከን ኪያ! ይሄ የእኔ ነው!» ብላ ጮኸች። «ለመውሊድ ያሰፋሁት! ጨርቁ አልበቃም ብሎ እጅጌውን በሌላ ቀለም የቀጠለብኝ!»

ፋጤ ቢጫውን ያዘች። «ያ አላህ! የእኔስ?» አለች። ሌላዋ አረንጓዴውን ጎተተች። ሴቱ ከየተቀመጠበት እየተነሳ፣ ልጅ ያዘለው ልጁን እንዳዘለ፣ አልጋ ልብሱን ከበበው። «ይሄ የእህቴ ነው!» «ይሄን ወፍረሻል ብሎኝ ነው የከለከለኝ!» አንዷ ኪሱ ውስጥ እጇን ልታስገባ ብትሞክር ሦስት ጣቷ ብቻ ገባ። «የልጅ ኪስ ነው» አለች ግራ ገብቷት።

እትዬ ሰዓዳ በመጨረሻ መጣች። ሮማኑን ከፋይ አየችው። ኪሱን ገለጠችው። ቢጫዋን ሦስት ማዕዘን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። ከዚያ ለሁሉም አሳየቻቸው።

«ይሄ የማን ስፌት ነው?» አለች።

«የሙሄ!» አለ ዳሱ ባንድ አፍ። ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል።

ወደ እኔ ዞረች። «ከየት አመጣሽው፣ ሐዋ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ወር እንደጠበቅሁት አላህ ያውቃል። ተነሳሁ። «ከባቲ ገበያ ነው፣ እትዬ ሰዓዳ። የልጅ ቀሚስ ሆኖ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሁላችሁም እዚያ ተሰቅላችሁ ነበር። ማን እንደሚልከው ሻጯን ሄዳችሁ ጠይቋት፤ ሐቀኛ ሰው ነው ትላችኋለች» አልኩ።

የልብስ ሰፊው ሚስት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ማንም አላስቀራትም። አዘንሽላት ወይ ብትሉኝ፣ አላዘንኩም። ከረጢቴ አቧራ ላይ ሲዘረገፍ እሷም አይታ ዝም ብላለች።

እትዬ ሰዓዳ ግን ሴት ናት። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳታፍር ጉልበቴን ያዘች። «አፉ በይኝ ሐዋ። ከሰው ጋር ሆኜ ሌባ ብዬሻለሁ። ሌባዋ አንቺ አይደለሽም» አለች። እዚያው አነሳኋትና «አፉ ብያለሁ» አልኳት። በአደባባይ ያጠፋች በአደባባይ አፉ በይኝ ካለችኝ ምን ቀረኝ? እልልታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እማ መዲና «እንግዲህ እልል የምትሉት አሁን ነው፣ ቅድም ምን አንቆ ያዛችሁ?» ብላ ሰደበቻቸው። አልጋ ልብሱም ሙሽራዋ ጋ ሄደ፤ ጨርቄ ይመለስልኝ ያለች አንዲት ሴት የለችም።

በማግስቱ ሱቁ በር ላይ የተሰለፈው ደንበኛ ሊያሰፋ የመጣ አልነበረም። እኔ ሩቅ ሆኜ አየሁ። ላብ በላብ ሆኖ «ከገዛሁት ጨርቅ ነው የሰፋሁት» ሲል፣ እማ መዲና ከሙሽራዋ የተዋሰችውን አልጋ ልብስ ዘርግታ ኪሱን ፊቱ ላይ ስትይዝለት፣ ወንዶቹ ሳይቀሩ ሲስቁበት አየሁ። ደስ አለኝ። ደስታዬን የምደብቅ ሰው አይደለሁም። እስኪበቃኝ አይቼ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ከዚያ ወዲህ ሴቱ ጨርቁ ሲቆረጥ ቆሞ ያያል፤ የተረፈውን ቋጥሮ ለእኔ ያመጣልኛል። ሥራዬም ከድሮው በለጠ። እሱ ግን በመጨረሻ የጨርቁን ነገር ካመነ በኋላ እንኳን ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሐዋ ሌባ አይደለችም ብሎ ለማንም አላለም።

ዘንድሮ ልጆቹ ሐጅ ሊያስሄዱት ተነሱ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመሄዱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤቴ መጣ። አስቀመጥኳቸው፣ ሻይ ሰጠኋቸው።

«ሐዋ፣ የሰው ልጅ ይሳሳታል። ወደ አላህ ቤት ልሄድ ነው፤ አፉ በይኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ጋሼ ሙሄ፣ ሌባ ያሉኝ እዚህ ቤት አይደለም» አልኩት። «ሱቅዎ በር ላይ፣ በገበያ ቀን ነው። እዚያው ቦታ ይቁሙና ‹ሐዋ ላይ ዋሽቻለሁ› ይበሉ። እዚያው አፉ እልዎታለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ በገበያ መሐል እንዴት ይዋረዳል?» አለኝ።

«እኔስ ትንሽ ሰው ስለሆንኩ ነው ገበያ መሐል የተዋረድኩት?» አልኩ። እሱ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

አፉ ሳልለው ሄደ። ሲመለስ ዳስ ተጣለ፣ ከተማው ወጥቶ ተቀበለው። ለየቤቱ ዘምዘምና ተምር ሲያከፋፍል ለእኔም ከመስገጃ ጋር ላከልኝ። መስገጃውን መለስኩለት። ዘምዘሙን ጠጣሁት፤ ውኃው የሱ አይደለም።

አሁን ከሚሴ በሙሉ ሐጂ ይለዋል። በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። እኔ ብቻ ጋሼ ሙሄ እላለሁ፤ ያውም ሰው በሞላበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ለምን እንደሆነ ያልሰማው ይጠይቃል፣ የሰማው ይነግረዋል። እንዲህ እያለ ታሪኩ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይነገራል። የፈለግሁትም እሱን ነው።

ባለፈው ሰሞን ባጃጅ ስጠብቅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ብቻውን ነበር። አርጅቷል።

«ሁሉም ሐጂ ይለኛል። አንቺ ብቻ ነሽ የማትይኝ። እስከ መቼ ነው፣ ሐዋ?» አለኝ።

«በእጅዎ ነው። ያችን ቃል በሚናገሩበት ዕለት ከሁሉ ቀድሜ ሐጂ የምልዎ እኔ ነኝ» አልኩት።

ገበያው ሞልቶ ነበር። ዙሪያውን አየ። አፉን ከፈተ። እውነት እላችኋለሁ፣ ሊናገር ነው አልኩ። ይኼኔ አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ «አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ!» አለው። ፊቱ በራ፤ «ወአለይኩም ሰላም» ብሎ ትቶኝ ወደ ሰውየው ሄደ።

ከማል «ልብሽ ደነደነ» ይለኛል። ይደንድን። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ አይነካውም፤ እንዲህ ነው የተማርነው። ስለዚህ ሰውየው ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ፣ ያ ሸክም አብሮት ሄዶ አብሮት ተመልሷል። ሌሊት ይከብደው እንደሆነ አላውቅም። እንዲከብደው እፈልጋለሁ። ይህን ስጽፍም ጸጸት አልተሰማኝም። የሱቁ በር ከመካ ይቀርበው ነበር።

ሐዋ ነኝ፣ ከከሚሴ